ከቤታችን በላይ ያለው ደን ሲነድ ከሊዝበን አየሁት

ከኮምቦልቻ የወጣሁ ዕለት ጠዋት አባባ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ፤ ሻንጣዬን ራሳቸው ጫኑ። አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ ብቻ እጃቸውን ለዱአ ዘረጉ። ያኔ ነው ልቅሶዬን የለቀቅኩት። ከዚያ ቤሩት፣ ከቤሩት ደግሞ ሊዝበን፤ መንገዱን አላወራላችሁም፣ የሄደበት ያውቀዋል።

ሊዝበን ወላሂ ደግ አገር ናት፣ ዓሣዋ ግን ጨው ብቻ ነው። በመጣሁ በወሩ በርበሬ ሳምስ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸና አከራዬ እሳት አደጋ ይዛ ከተፍ አለች። ምን አቃጠልሽ ብትለኝ ምሳዬን አልኳት። ከዛሬ ጀምሮ ምሳሽን በሕግ ብዪ ብላኝ ሄደች።

አሁን የማጸዳው የደን እሳት ከሩቅ የሚከታተሉበት ቢሮ ነው። ግድግዳውን የሞላ ስክሪን አለ። ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ሙቀት ሲያይ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ይበራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ነፋሱን፣ ዳገቱንና የሣሩን ድርቀት አስልቶ እሳቱ ከሰዓታት በኋላ የት እንደሚደርስ ይስላል። ገና ያልነደደውን እኮ ነው! አጃኢብ እያልኩ መጥረጊያዬን ይዤ ፈዝዤ እቀራለሁ። ተረኛዋ ቴሬዛ ይህን ስለምታውቅ አንዳንዴ ካርታውን ወደ አገሬ ትጎትትልኛለች።

ባለፈው በጋ አንድ ሐሙስ እንዲሁ ስትጎትትልኝ ከቤታችን በላይ ባለው ደን ሦስት ቀይ ነጥቦች በርተዋል። መጥረጊያዬን ጥዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ቴሬዛ ወዲያው ስሌቱን አስኬደችው፤ በአገራችን ሰዓት አሥር ላይ ነፋሱ ዞሮ እሳቱን ሽቅብ ወደ አፋፉ ይነዳዋል አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ደን ነደደ ተብሎ ከተጮኸ ወንድ የተባለ ሁሉ ቅጠላም ቅርንጫፍ ይዞ እሳቱን ከላይ ሊቀድመው ዳገት ይወጣል። የሚመራው ሽማግሌ ነው። የእኛ መንደር ሽማግሌ ደግሞ አባባ ናቸው።

ደወልኩ። እያለከለኩ አነሱ፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ደርሰዋል።

«አባባ፣ አይውጡ። ነፋሱ ሊዞር ነው፣ እሳቱ ወደናንተ ነው የሚመጣው።»

«ከየት አየሽው?»

«ከሰማይ።»

ሰው ወጥቶ እኔ ልቅር ወይ አሉኝ። አይቅሩ፣ ሰዉን ይዘው ነዶ ባለቀው በኩል ይዙሩ ብዬ በአላህ ለመንኳቸው። ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲያ ነጥቦቹ ስሌቱ በሳለው መስመር ሽቅብ ሲበሩ ቆሜ አየሁ። ያ ሁሉ ጥበብ እሳቱን ያሳየኛል እንጂ ሰዉን አያሳየኝም። በሕይወቴ እንዲህ ተደንቄም እንዲህ ፈርቼም አላውቅም።

መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው በጭስ ታፍኗል። ሰዉን ይዘው ዞረው ነበር፤ ሊቆሙበት የነበረው አፋፍ አመድ ሆኗል። መንደሩ ተሰብስቦ ዱአ እያደረገልሽ ነው አሉኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ እያልኩ ስነፋረቅ፣

«አንቺስ ከሰማይ አየሽን» አሉ፤ «እኛ ግን አንቺን ካየን ስድስት ዓመታችን ነው።»