የአባቴ መኪና ያልተነሳችባቸው ጠዋቶች

ቤቴል በምኖርበት ግቢ አንዱ ጎረቤቴ ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር፣ ሞተሩ «እህ… እህ… እህ» ብሎ ቀጥ ሲል፣ እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ደስ ይለኛል። በሰው ችግር የምስቅ ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ያ ድምፅ በልጅነቴ «አባትሽ ዛሬ አይሄድም» ማለት ስለነበር ነው። ከዚያ ሰውየው ሲራገም እሰማና አፍሬ ብርድ ልብሴን እከናነባለሁ።

ያደግኩት ቀራንዮ ነው። እናቴ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተች ቤታችን ውስጥ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን፤ አባቴ ደግሞ በአሮጌ የጭነት መኪናው ከወልቂጤ ወዲያ ካለው አገር ድንችና ጎመን እየጫነ ለነጋዴዎች ያመጣ ስለነበር፣ ከሳምንቱ አራቱን ቀን የማድረው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቤት ነበር። እትዬ ብርቄ ደግ ሴት ነበሩ፤ ከራት በፊት ልጆቻቸውን ሰብስበው ሲጸልዩ የእኔንም ስም ይጠሩልኝ ነበር። ግን የሰው ቤት ያው የሰው ቤት ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ሲጣሉ እንኳ እቀናባቸው ነበር፣ እኔን ማንም አይጣላኝም ነበርና።

በበጋ መኪናዋ ትታዘዝ ነበር። አባቴ ደጃችን ያለው ቁልቁለት ላይ አቁሟት ያድርና፣ ጠዋት እንቢ ብትለው እንኳ «ታኮውን አውጪ!» ይለኛል፤ እኔም ከጎማው ሥር ድንጋዩን ጎትቼ ሳወጣ ተንደርድራ ትነሳ ነበር። አባቴን በገዛ እጄ እሸኘው ነበር ማለት ነው።

ክረምት ሲገባ ግን ቁልቁለቱ በጭቃ ስለሚያንሸራትት መኪናዋን ሜዳው ላይ ያቆማት ነበር። ስምንት ዓመት በሞላኝ ክረምት ባትሪው ጉድ ሠራን። ደህና የገባች መኪና አንድ ቀን ቆማ ከዋለች በማግስቱ አትነሳም፣ በዚያ ጭቃ መግፋትም አይቻልም፤ አባቴ ባትሪውን ተሸክሞ አስራ ስምንት ማዞሪያ ወስዶ እስኪያስሞላ ቀኑ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቤቴ እውላለሁ፣ ቤቴ አድራለሁ። አባቴ ሽሮ ሠርቶ፣ ሽሮው አሮበት፣ እየሳቅን የምንበላው በእነዚያ ቀናት ነበር።

ያገለገለ ባትሪ ገዝቶ ቢቀይር፣ ዲናሞውን ቢያሠራ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ጋሽ ሙላቱ መጡና የባትሪውን አንዱን ገመድ ነቅለው በመሃል ትንሽ አምፖል አሰሩ። የመኪናዋ ነገር ሁሉ ጠፍቶ ሳለ አምፖሏ በራች። «አየህ ስንታየሁ፣ ተኝታም የሚመጠምጣት ነገር አለ» አሉት አባቴን። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ሄደው አንዱ ላይ ሲደርሱ አምፖሏ ድርግም አለች። በዚያ ፊውዝ የሚሠራው ሬዲዮው ስለነበር «በቃ፣ ሌባው ተያዘ» ብለው ሬዲዮውን ፈትተው አወጡት፣ ወዲያው ዝናብ መጣና ሁላችንም ወደ ቤት ሮጥን።

ሌባው ግን ሬዲዮው አልነበረም፤ እኔ አውቀው ነበር። ከሹፌሩ ጎን ካለው ወንበር ፊት ወረቀት የሚቀመጥባት ሳጥን ነበረች፤ መዝጊያዋ ስለተሰበረ አባቴ ክዳኗን በከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ያስራት ነበር፣ በደንብ ስለማትገጥም ግን ውስጧ ያለችው አምፖል አትጠፋም፤ ለካ የእሷም ፊውዝ ከሬዲዮው ጋር አንድ ነበር። ቀን አትታይም። እኔ ግን አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መኪናዋ ውስጥ የወደቀ እርሳሴን ላነሳ ጎንበስ ስል በስንጥቁ በኩል ብርሃኗን አየኋት። «አባዬ!» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ልጅ ብሆንም ሞኝ አልነበርኩም።

ክረምቱን ሙሉ ዝም አልኩ። ጋሽ ሙላቱ «ይቺ መኪና ሰይጣን አለባት እንዴ!» እያሉ ሽቦ ሲመዙ፣ አባቴ በዝናብ ቆሞ መፍቻ ሲያቀብላቸው፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አያቸው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሳይደርቅ ነጋዴዎቹ ትዕግሥታቸው አለቀና ጭነቱን ለሌላ ሹፌር ሰጡት። አባቴ መኪናዋን ሸጠ፣ በሰው ከባድ መኪና ተቀጠረ፣ ጅቡቲ መመላለስ ጀመረ። አራት ቀን የነበረው ሦስት ሳምንት ሆነ። የእጄን አገኘሁ! እትዬ ብርቄ ቤት የራሴ ፍራሽ ተነጠፈልኝ፣ እኔም ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቅስ ነበር፣ ምክንያቱን ለማን እነግራለሁ?

አምና እኔም መኪና ገዛሁ። አንድ ሰሞን ባትሪዋ አስቸገረኝና መካኒኩ እየሳቀ «ችግሩ እስኪገኝ ድረስ ማታ ማታ የባትሪውን ገመድ ንቀይው፣ አያልቅብሽም፤ ይሄን እኮ የትኛውም ሹፌር ያውቀዋል» አለኝ። አባቴ ያኔ ሃያ ዓመት የነዳ ሹፌር ነበር።

አባቴ አሁን አርጅቷል፤ ቀራንዮ እዚያው ቤት ብቻውን ይኖራል፣ እኔም እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። አንድ እሁድ «አባዬ፣ ያኔ ማታ ማታ የባትሪውን ገመድ ለምን አትነቅለውም ነበር?» አልኩት። ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ «ረሳሁታ» አለኝ። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ረሳሁ ይላል! እኔም ስለዚያች አምፖል የማውቀውን ሳልነግረው ቀረሁ።

ያኔ እሱ ይሄድ ነበር፣ እኔ እቀር ነበር፤ አሁን የምሄደው እኔ ነኝ። ሲሸኘኝ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን እስካዞር ይጠብቃል፤ የእኔዋ ደግሞ አዲስ ባትሪ ከተገዛላት ወዲህ በአንድ ጊዜ ትነሳለች። «ተነሳች፤ ተመስገን» ይለኛል። ግን አባቴን አውቀዋለሁ፣ ደስ አላለውም።