ሐጂ በእርግጫ ያሉኝ ቅዳሜ

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ካምዎክያ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቆቹ በላይ፣ ደረጃው በሚንቀጠቀጥ ፎቅ ላይ የቴኳንዶ ክለብ አለን። «አለን» የምለው «እድር አለን» እንደሚባለው ነው፤ ሰው ሊመታና ሊመታበት የሚሄድበት ቦታ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጭ ልብሳችንን ለብሰን፣ ቀበቷችንን አስረን፣ እየተሳሳምን እንገባለን። የቤተሰቡን፣ የሱቁን፣ የኪራዩን ወሬ ሳንጨርስ ማንም እግሩን አያነሳም። ከታች ያለው ሮሌክስ ጠባሽ እንቁላሉን በቻፓቲ ሲጠቀልል ሽታው በመስኮት ይገባል፤ እኛም ጡንቻችንን እያፍታታን ሐሳባችን እሱ ጋ ነው።

ማስተራችን ከሰኞ እስከ አርብ የካርጎ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ዕድሜው የኔው ስለሆነ መንገድ ላይ «አንተ» እለዋለሁ፤ ምንጣፉ ላይ ስንወጣ ግን «እርስዎ» ይሆናል። ሆዱ ከጥቁር ቀበቶው ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል። ትንፋሽ ባጠረው ቁጥር «ቴኳንዶ ጉልበት አይደለም፣ ቴክኒክ ነው» ይላል፤ ትንፋሹ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያጥረዋል። ግድግዳው ላይ የስፖርቱን አምስት ሕጎች በትልልቁ ጽፎ ሰቅሏል፦ አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። እኛ ከመጀመሪያው አላለፍንም።

ፍልሚያችን እንዲህ ነው። ታናሽ ታላቁን አይመታም፣ ነውር ነው። ታላቅ ታናሹን ቢመታ «በልጅ ላይ ጉልበቱን አሳየ» ይባላል። ባለሱቅ ደንበኛውን አይመታም፣ አበልጅ አበልጁን አይመታም፣ ተከራይ ያከራየውንማ ጨርሶ አያስበውም። ስለዚህ አንዱ እግሩን ያነሳል፣ ደረት አጠገብ ሲደርስ ያቆመዋል፤ ሌላው «ኡህ!» ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ «ይቅርታ፣ ጎዳሁህ እንዴ?» «ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ አንተ ደህና ነህ?» ይባባላሉ። ዳኛው ማስተር ራሱ ስለሆነና ማንንም ማስከፋት ስለማይወድ ነጥቡን ለሁለቱም ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ይሄን ያህል ጊዜ ሠርተን የአንድ ሰው አፍንጫ እንኳን አልደማም። ማስተር በዚህ ይኮራል።

በዚህ ሁሉ መሀል ጨርሶ የማይነኩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እኔና ሐጂ። እኔ ብቸኛዋ ሴት ነኝ፤ እዚያው ሰፈር የዊግና የፀጉር ሱቅ አለኝ። ሐጂ ደግሞ በዕድሜ የሁላችንም አባት ናቸው። የጅማ ሰው ናቸው፣ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ሐኪም «ለስኳሩ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» ቢላቸው ነው የመጡት። የሴት እጅ አይጨብጡም፤ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ። የቴኳንዶ ሰላምታ ራሱ ጎንበስ ማለት ስለሆነ፣ ከኔ ጋር በዚህ በኩል ችግር አልነበረብንም።

ሐጂ ፊት የቆመ ሁሉ ይወድቃል። እግራቸው ሳይደርስበት ይወድቃል። አንድ ቀን እንዲያውም የወሎው ልጅ፣ ያ በቡጎሎቢ ሞባይል የሚጠግነው፣ ሐጂ ላባቸውን ሊጠርጉ ዞር ባሉበት ወደቀ። ሐጂ ወደ እኛ ተመለከቱና «ማን መታው?» አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። እኔም ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

እኔን የሚመታኝ፣ እሳቸውንም የሚመታ ሲጠፋ ማስተር ሁለታችንን አጣመረን። እሳቸው ለሴትነቴ፣ እኔ ለሽበታቸው ስንጠነቀቅ፣ የክለቡ ንጹሕ አየር የተመታው በኛ ነው። ቢጫ ቀበቶ አገኘሁ፣ አረንጓዴ አገኘሁ፣ ሰማያዊ አገኘሁ። ቀዩን ያገኘሁ ዕለት ድግስ ደገስኩ፤ ማስተር ከሁሉ በፊት መጥቶ ከሁሉ በኋላ ሄደ።

ቀዩ ቀበቶ ሳይቆሽሽ ነው ሌባው የመጣው። ከሱቄ ወጥቼ ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ስጠብቅ አንድ ቀጭን ጎረምሳ ቦርሳዬን ያዘ። በቀን ነው፣ ሰው በሞላበት። እኔም የተማርኩትን አደረግኩ፤ አቋሜን አስተካከልኩ፣ «ኪያ!» ብዬ ጮህኩ፣ እግሬን አነሳሁ፣ ደረቱ አጠገብም አቆምኩት። ከዚያ እስኪወድቅ ጠበቅኩ። ልጁ የኛ ክለብ አባል አይደለምና አልወደቀም። እግሬን በአየር ላይ ትቶ ቦርሳዬን ይዞ ሄደ። ቦዳው ሾፌር ከልቡ አዝኖ «ኒያቦ፣ ዳንስ ነበር?» አለኝ። ኒያቦ ማለት እመቤቴ ማለት ነው፤ ያገሩ ሰዎች ሲያሾፉብህም በአክብሮት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ቦርሳው ይቅር፤ ወገቤ ላይ የታሰረው ጨርቅ ቀበቶ ይሁን ሪባን አለማወቄ ነው ያንገበገበኝ። አንድ ሰው ከልቡ እንዲመታኝ ፈለግኩ። ተመትቼ ቆሜ መቅረት እችል እንደሆነ ማወቅ፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

እግዜር ሲለው ማስተር በዚያው ሰሞን ኪቡሊ ላይ፣ ከትልቁ መስጊድ በታች ባለ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የክለቦች ውድድር እንዳለ ነገረን። ሴት ተወዳዳሪ የሌለው ክለብ አይመዘገብም ተብሏል። ሁሉም ዞሮ አየኝ። «እሺ፣ ግን እስከዚያ የሚመታኝ ሰው ስጡኝ» አልኩ።

ልመናዬን ማን ይስማ። የሞባይል ጠጋኙ «እትዬ፣ እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» አለኝ፤ እናቱ ደሴ ናቸው። ምግብ ቤት ያለው ጎልማሳ «አንቺን ከመምታት እጄን ቢቆርጡት ይሻለኛል» አለ። ስፖርቱ የእግር ነው ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። ማስተር ግን ራሱን ነቅንቆ «እህቴ፣ አንቺ ዝግጁ ነሽ። ችግርሽ በራስ መተማመን ነው» አለኝ። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

ቅዳሜ ከሐጂ ፊት ስቆም ሳላስበው አመለጠኝ።

«ሐጂ፣ ኪቡሊ ላይ የምትገጥመኝ ልጅ አታዝንልኝም። እባክዎ ይምቱኝ።»

አዩኝ። «ከልብሽ ነው፣ ልጄ?»

«ከልቤ ነው።»

«ቢስሚላህ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት ጣሪያውን ነው። የደረት መከላከያዬ ላይ አንድ የከበደ ነገር ሲያርፍ ሰምቻለሁ። ትንፋሼ ወጣ፤ ለመመለስም አልቸኮለም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ጀርባዬ ምንጣፉ ላይ እንዳለ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ተመትቻለሁ፣ አልሞትኩም። በቀስታ ተነፈስኩ፣ ሁለተኛም ተነፈስኩ። ስቄ ልነሳ ስል አልቻልኩም፤ ወንዶቹ ከበውኛል። አንዱ ውኃ ይረጫል፣ አንዱ በቀበቶው ያራግባል፣ ማስተር ፊሽካውን ይነፋል። «ምን ነካዎት ሐጂ! በሴት ልጅ ላይ!» «ደህና ነኝ፣ ጠይቄያቸው ነው!» ብል «አይዞሽ፣ አትናገሪ፣ ይደክምሻል» አሉኝ።

ወሬው ከቦዳ ይፈጥናል። ከካምዎክያ ሲነሳ እርግጫ ነበር። ቡጎሎቢ ሲደርስ የጎን አጥንቴ ተሰብሯል። ኪቡሊ ወጥቶ ሲመለስ ሐጂ በሱቅ ቦታ ተጣልተውኝ በጥፊ አጩለውኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ የሰማሁት ደንበኞቼ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ ሲመጡ ነው። የሐጂም ባለቤት ከሳቸው ጋር መነጋገር ማቆማቸውን ሰማሁ።

ከዚያ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ምግብ ቤት ውስጥ፣ በምሳ። ተበዳይ እኔ ነኝ፤ ግን እንድናገር የፈቀደልኝ የለም፣ ተበዳይ ስለሆንኩ ማረፍ አለብኝ። ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ሰው አገር፣ ስለ ወንድማማችነት ብዙ ተባለ፤ ጥብሱም ተበላ። በመጨረሻ «በሉ ይቅር ተባባሉ» ተባልን። ሐጂ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ልምድ ነውና ቀና ስል እጄ ለመከላከል ተነስቷል፣ የሳቸውም እግር ወደ ኋላ ተስቧል። ዓይን ለዓይን ተያየንና ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥን።

ፍርዱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሐጂ ከእንግዲህ ማንንም አይመቱም፤ በተለይ እኔን። ጥግ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ለብቻ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ብቻ ይሠራሉ። «ለጤናም ለክብርም እሱ ይሻላል» አሉ ሽማግሌዎቹ። ሐጂ «እሺ» አሉ። እንደዚያ ዓይነት «እሺ» ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ውድድሩ ደረሰ። ተጋጣሚዬ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች የነርስነት ተማሪ ነበረች፤ ብወልድ የምትሆነኝ። ከመጀመራችን በፊት አጠገቤ መጥታ በአገሯ ደንብ በሁለት ጉልበቷ ተንበረከከችና «እንዴት ዋልሽ ኒያቦ» አለችኝ። ልቤ በደስታ ዘለለ። «ተመስገን፣ እዚህም ይሉኝታ አለ፣ ይቺማ አትመታኝም» አልኩ። ዳኛው «ጀምሩ» አለ። የተንበረከከችበት ጉልበት ተነስቶ ደረቴ ላይ አረፈ ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን አልወደቅኩም። ያቺን ትንፋሽ አውቃታለሁ፤ ሐጂ አስተዋውቀውኛል። በቀስታ ተነፈስኩ፣ ሁለተኛም ተነፈስኩ፣ ሄጄም መታኋት። ከዚያ እሷ መታችኝ፤ ብዙ መታችኝ። በነጥብ ተሸነፍኩ፤ ልዩነቱን ማስተር ለማንም እንዳልናገር ለምኖኛል። ሲያልቅ ልጅቷ እያለከለከች መጣችና እንደገና ተንበረከከች። «አመሰግናለሁ ኒያቦ፣ ጎበዝ ነሽ» አለች። እንደዚያ ቀጥቅጣኝ እንደዚያ ያከበረኝ ሰው የለም። ከታክሲው ወርጄ ቤቴ እስክገባ ድረስ እሷን ሳስብ ነበር። እኛ ለአክብሮቱ ስንል መምታቱን ጥለናል፤ እሷ ሁለቱንም ይዛ ትሄዳለች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሐጂ ጥጋቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን ፊት ለፊት ገጥመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ጀርባቸው ጎብጧል። የደረት መከላከያ አንስቼ ሄድኩና ሰጠኋቸው።

«ሐጂ፣ ይልበሱ። ተራዬ ነው።»

ማስተር ሮጦ መጣ። «ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን…»

«ሽማግሌዎቹ እሳቸው እንዳይመቱኝ ነው የወሰኑት» አልኩት። «እኔ እንዳልመታቸው የወሰነ የለም። ጥብሱ እየተበላ ስለነበር ረስተውታል።»

ሐጂ መከላከያውን ለበሱ። በጉልበቴ ተንበረከክኩ፤ አዳራሹ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ተነሳሁ። ከዚያ እግሬን አላቆምኩትም።

ሐጂ በመቀመጫቸው ዱብ አሉ። ያ ሁሉ ወንድ በአንድ ድምፅ «ኡ!» አለ። እኔም ደነገጥኩ፤ ስኳራቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁሉም በአንዴ ትዝ አሉኝ። ውኃ ይዞ የሚሮጠው ሮጠ፣ ክንዳቸውን ሊይዝ የጎነበሰው ጎነበሰ።

«አትንኩኝ!» አሉ ሐጂ።

ሁሉም ባለበት ቆመ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ፤ በቀስታ፣ አንዴ፣ ሁለቴ።

«እናንተ እዚህ ፊቴ ስትወድቁ» አሉ፣ «እያንዳንዱ ቅዳሜ ሳልሞት ቀብራችሁኝ የምትሄዱ ይመስለኝ ነበር። ከሰው የቆጠረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

የሞባይል ጠጋኙ መሬት መሬት አየ። ሐጂ ማንም ሳይደግፋቸው ተነሱ፣ ቀበቷቸውን አጠበቁ፣ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። ከጀርባዬ ማስተር ለሽማግሌዎቹ ስልክ ሲደውል ይሰማኛል። እኔ እግሬን አስተካከልኩ፤ «ቢስሚላህ» ሲሉ ቆሜ ጠበቅኳቸው።