ሊቁና የአማቱ ሞተር ቆጣሪ

ሰፈሩ ሊቁ ይለዋል። ግማሹ ለክብር፣ ግማሹ ለፌዝ ነው፤ እሱ ግን ሁሉንም ለክብር ነው የሚወስደው። ሥራው ቆጣሪ መጠገን ነው፤ የፍጥነት በሉት የነዳጅ፣ መኪና ላይም ሞተር ብስክሌት ላይም ቀስት ያለው ነገር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሰውን ልጅ ሲንቅ ኖሯል። መካኒኮችን ይንቃል፤ "መዶሻ ያነሳ ሁሉ መካኒክ ነኝ ይላል" ባይ ነው። ነጂዎችንም ይንቃል፤ የገዛ ነዳጃቸውን ማንበብ አቅቷቸው መንገድ ላይ የሚቆሙ ጉዶች! ከሁሉም አብልጦ የሚንቀው ግን የሚስቱን ታናሽ ወንድም ነው።

ስሙንም አይጠራው። ሽቶ ነው የሚለው። ምክንያቱም ሰውየው ገና ከማዕዘኑ ሳይዞር ሽታው ቀድሞት ይገባል። ሥራው የቢሮ ዕቃ መሸጥ ነው፣ ጫማው ያበራል፣ እጁ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ አርፋ አታውቅም። "ይሄ ደግሞ ወንድ ነው?" ይላል ሊቁ ሚስቱ እየሰማች። ሚስቱ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ተሸነፈች ብሎ ነው የሚቆጥረው።

ለማንም ያልነገረውን አንድ ነገር እኔ ልንገራችሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግራ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም እየተከተለ ነው። ሐኪም ቤት ቢሄድ ሚስቱ ታውቃለች፤ እሷ ካወቀች ሰፈሩ ይሰማል፤ ሰፈሩ ከሰማ ደግሞ ማን ቆጣሪውን ያምነዋል? ጠረጴዛውን ከቀሙት ሊቁ ምኑ ሊቅ ነው? ቤት ተቀምጦ የሚነጫነጭ ሽማግሌ ነው። ይህንን ያውቃል፣ ስለሚያውቅም ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ ትንንሹን ብሎን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ቀስቱን በልምድ እየተከለ፣ "ዛሬ ብርሃኑ ደካማ ነው" እያለ ነገሩን ሲሸፋፍን ከረመ።

አንድ ቀን ሽቶ የሟች አባቱን ሞተር እየገፋ መጣ። የሊቁ አማት የፖስታ አመላላሽ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በዚያች ሞተር ላይ ነው። የአሮጌ ሞተሮች ትርኢት ሊደረግ አስራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ቀለሟ ታድሷል፣ ኮርቻዋ ተሰፍቷል፤ መሪው ላይ ያሉት ሁለት ቆጣሪዎች ግን ውኃ ገብቶባቸው ፊታቸው ቡናማ ሆኗል፣ ቁጥሩ ተልጦ ረግፏል። የፍጥነቱ ቀስት ደግሞ ሞተሯ ገና በዝግታ ስትሄድ ከዜሮ እስከ ስልሳ ይደንሳል።

"ጋሼ፣ አዲስ ገዝቼ መጥቻለሁ" አለ ሽቶ ካርቶን እያወጣ። "አሮጌዎቹን ፈተህ እነዚህን ግጠምልኝ። ብዙም አያደክምህም።"

ሊቁ አንዱን አንስቶ በጥፍሩ አንኳኳው።

"ፕላስቲክ! በአባትህ ሞተር ላይ ፕላስቲክ ልታስር? አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ አታፍርም?"

"እኔማ እንዳትቸገር ብዬ ነው ጋሼ።"

"እኔ ምን እቸገራለሁ? የምትቸገረው አንተ ነህ፣ ጭንቅላት የለህ!"

ሽቶ ፈገግ አለ። ይሄ ፈገግታው ነው የሊቁን ደም የሚያፈላው። ስድብ የማይገባው ሰው ምን ይባላል?

የሞተር ዙር የሚለካው ቆጣሪ ውስጡ በዝገት ተበልቶ ስለነበር ሊቁ እያጉረመረመ በአዲሱ ተካው። የፍጥነቱን ግን እምቢ አለ። የአዲሱን አንጀት አውጥቶ በአሮጌው ቆርቆሮ ውስጥ አስገባ፤ ጠርዙን በካቻቢቴ ጫፍ እየፈለቀቀ ሲከፍት አንዲት ጭረት እንኳ አላስቀረም፤ እጁስ እጅ ነው! የተላጠውን ፊት አጥቦ ጥቁር ቀባው፤ ቁጥሮቹን ደግሞ ልክ እንደ ድሮው በነጭ ቀለም፣ በቀጭን ብሩሽ፣ በእጁ ሊጽፍ ተቀመጠ። ይቺ ሥራ ከተሳካች ዓይኔ ገና አለ፣ ከተበላሸች ግን በቃኝ፣ ብሎ ለራሱ ቆርጧል።

ዜሮን ጻፈ። ሃያ፣ አርባ፣ ስልሳ። አፍንጫው ቆርቆሮውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ላብ አጠመቀው። ሰማንያን ጽፎ ብሩሹን ሲያነሳ ያ የተረገመ ሽታ ገባ።

"ጋሼ፣ ደረሰ? ላግዝህ?"

ላግዝህ! ሊቁ ብሩሹን ወርውሮ ተነሳና ልክ ልኩን ይነግረው ጀመር። ስለ ለስላሳ እጆቹ ነገረው፣ ስለ ጫማው ነገረው፣ አባቱ ቢነሱ ይህን ልጅ አይቼው አላውቅም እንደሚሉ ነገረው። ጎረቤት ልብስ ሰፊ መርፌውን አቁሞ አዳመጠ። ሽቶም በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማና "እሺ ጋሼ" ብሎ ሄደ። ሊቁ ሆዱ ቅቤ ጠጥቶ ተመለሰ። ተቀመጠና ከሰማንያ ቀጠለ።

ሲያልቅ ውጭ አውጥቶ በፀሐይ አየው። ጥቁር ላይ ነጭ፣ ጥርት ያለ ነገር ነው። ለሚስቱ አላሳየም፤ ምን ብሎ ያሳያል? መስታወቱን ገጠመ፣ ገመዱን አሰረ፣ መንኮራኩሩን አሽከረከረ። ቀስቱ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ቀጥ ብሎ ወጣ። "ዓይኔ አለ!" አለ ለብቻው፤ ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ። ሽቶ ሞተሯን ሊወስድ መጥቶ ቆጣሪውን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፣ ትንሽ ቆየና "እጅህን ይባርከው ጋሼ" አለ። ሊቁ ጀርባውን ሰጥቶት ብሩሾቹን ማጠብ ጀመረ።

በትርኢቱ ቀን "ሥራ አለብኝ" ብሎ ቀረና ኋላ ላይ ሹልክ ብሎ ሄደ። ሙገሳውን ከሰዎች ኋላ ቆሞ፣ በጆሮው ሊሰማው ፈልጎ ነው። ሜዳው ላይ ሞተሮቹ ተደርድረዋል፤ በአማቱ ሞተር ዙሪያ ሰው በዝቷል። ደረቱ ተነፋ።

"ቆይ ቆይ" አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ መሪው ላይ ተደፍቶ። "ስልሳ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ፣ መቶ ሃያ። መቶ የት ሄደ? የትኛው ደንቆሮ ነው የሠራው?"

ሰዉ ሳቀ። ሊቁ ክው አለ።

"ማንም አልሠራውም" አለ ሽቶ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ። "ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነው። የዚያን ዕለት ቀለም ቀቢው ተሳስቶ ያለፈው ነው፤ ሁለተኛ የለውም። አባቴም በዚህ ምክንያት ነው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው የነበረው። ሽጥልን ብለው ስንቶቹ ለምነውኛል!"

"እውነት?" አለ ወፍራሙ፤ ሳቁ ጠፋ። ስልኩን አውጥቶ ቆጣሪውን ፎቶ አነሳ፤ ሌሎቹም እየተጋፉ አነሱ።

ሰዉ ሲበተን ሽቶ ቀና አለና ከኋላ የቆመውን ሊቁን አየው። ሁለቱም ደነገጡ።

"መቼ ነው ስህተቱን ያየኸው?" አለ ሊቁ።

"ልወስዳት የመጣሁ ዕለት።"

"ታዲያ አፍ የለህም? ስንት ዘመን ስሰድብህ ኖሬ፣ አንዲት ቀን እንኳ ልክ ልኬን ልትነግረኝ አላማረህም?"

"ተው እንጂ ጋሼ። እህቴ ስለ ዓይንህ የነገረችኝ ዓመት ሊሆነው ነው። እንዳናስቆጣው፣ እሱ ራሱ እስኪናገር እንጠብቀው ብላኝ ነው።"

ሊቁ የሚመልሰው ስድብ ፈለገ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ስድብ አጥቶ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ አንድም አልመጣለትም። ቆጣሪው ላይ ጎንበስ አለ። የሚያየው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው።

"አይታየኝም" አለ በመጨረሻ። "መቶው መሆን የነበረበት የቱ ጋ ነው? አሳየኝ።"

ሽቶ ግራ ቀኙን አየ፣ የሚመለከታቸው ሰው አልነበረም። የሊቁን ጣት ያዘና መስታወቱ ላይ አስቀመጠለት።