የላንቴው ሽኝት

ንጋት፣ ሴቻ

ሁለት ሺህ ሦስት ወይም አራት ዓ.ም. ይመስለኛል። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ቁልቁል ስወርድ ሐይቁ ገና ጉም ለብሷል። ወይ ያ ጠዋት!

ያኔ አርባ ምንጭ ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ራሱ ሌላ ሥራ ነው። “ሐኪም ነሽ ነርስ?” ሲሉ ቆይተው በመጨረሻ “ወጌሻዋ” ብለው ገላገሉኝ። ታችኛው ከተማ ሲቀላ ላይ የራሴን የሕክምና ክፍል የመክፈት ሕልም ነበረኝ፤ ተሸክመው ያመጡልኝን ሰው በእግሩ የምመልስበት። እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም፤ ግን አሁንም ያምረኛል።

የምሄደው ላንቴ፣ ጋሽ ዘለቀ ጋ ነው። የሙዝ ገበሬ ናቸው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን አድክሞት፣ ሆስፒታል ሳሉ ዱላ ይዘው እስከ በረንዳ መራመድ ጀምረው ነበር። ከወጡ በኋላ ግን ወሬያቸው ጠፋ። ተኝተው ከቀሩ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ።

ረፋድ፣ ጫኖ

“እህቴ፣ ወዴት ነሽ?” ይላል የባጃጁ ሹፌር።

“ላንቴ። በሽተኛ ልጠይቅ።”

“ባዶ እጅሽን?”

አፈርኩ። ጫኖ ላይ አስቁሜው ማንጎ ገዛሁ። ሻጯ አንድ መረቀችልኝ። የዚያን መንገድ ሰው እንዴት እንደምናፍቀው!

ቀትር፣ ላንቴ

ቤቱ በጠያቂ ጢም ብሏል፤ ከካምባ ድረስ የመጣ ዘመድ አለ። ጋሽ ዘለቀ በትራስ ተደግፈው ተኝተዋል። ባለቤታቸው እትዬ አየለች በሽፈራው ቅጠል የተሠራ የበቆሎ ምግብ ያጎርሷቸዋል። አንዱ ብርድ ልብስ ያስተካክላል፣ ሌላው እግር ያሻል። በፍቅር ሊገድሏቸው ነው!

“ጋሼ፣ እስቲ እንነሳ” ስል ቤቱ ተንጫጫ።

“በስመአብ! በሽተኛ ይነሳል እንዴ?”

“አንቺ ልጅ፣ አንጀት የለሽም?” አሉኝ እትዬ አየለች። “እኔ በሕይወት እያለሁ ምን ጎደላቸው?”

አስረዳሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ጋሽ ዘለቀ ግድግዳውን ያያሉ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ “በሉ ደህና ዋሉ” አልኩ። አኩርፌ ነው እንጂ ዘዴ አልነበረም።

ጋሽ ዘለቀ በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ገፈፉት።

“እንግዳ ከቤቴ ብቻዋን ልትወጣ? ዱላዬን አምጡ!”

ከሰዓት፣ መስኖው ዳር

አይነሱ ሲል የነበረው ሁሉ አይሸኙ ማለት አልቻለም። በቀኛቸው በኩል ደገፍኳቸው። እግራቸው ይጎተታል፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። እትዬ አየለች መቀመጫ ዱካ ተሸክመው፣ እያለቀሱም እየተቆጡም ይከተሉናል።

ቦዩ ጋ ጋሽ ዘለቀ ዱካው ላይ አረፉና ሙዛቸውን አዩ። “ይሄን ደረቅ ቅጠል የሚቆርጥ ሰው ጠፋ?” ብለው ጮኹ። ደስታዬን አልቻልኩትም።

“በቃ ይመለሱ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልሸኝዎት።”

ተያይዘን በዝግታ ተመለስን። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ግን “ታዲያ አንቺስ ብቻሽን?” ብለው ወደ መንገዱ ዞሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እትዬ አየለች አልሳቁም። ዱካውን መሬት አስቀምጠው ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩና ወደ ጠያቂዎቹ ዞሩ።

“በሉ ተነሱ፤ አንድ በአንድ ውጡ። ሁላችሁንም እሳቸው ይሸኟችሁ።”