አሥራ ሁለት ሌሊት በነጥብ

ዲላ ውስጥ ቋጣሪ መባል ስድብ ነው፤ እኔ ግን ለምጄዋለሁ። ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ከኢዲዶም ከሌላውም የጌዴኦ ቀበሌ የመጣውን ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በማንኪያ እየማግሁ የሚያዋጣውን ከማያዋጣው እለያለሁ። አሠሪዬ አባታቸው ከሰሜን የመጡ፣ እሳቸው ግን ዲላ ተወልደው ዲላ የሸበቱ ቡና ላኪ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ውጭ አገር ለገዢ ቡና ሲያስቀምሱ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ቋጣሪነቴ ስም ያወጣው በእነዚያ ጉዞዎች ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ዱባይ ነበር። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ፓስፖርቴን እያገላበጠች አባል መሆንና አለመሆኔን ጠየቀችኝ። እኛ አገር ቢሮ ገብቶ ፎርም ሳይሞላ የሚወጣ ሰው ስለሌለ ይህም ግዴታ መስሎኝ ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ ረሳሁት። ወር ሳይሞላ ዲላ ቁጭ ብዬ ኢሜይል ደረሰኝ። ላደሩባቸው ሌሊቶች ይህን ያህል ነጥብ አግኝተዋል፣ ሲጠራቀም በነፃ ያድሩበታል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሕይወቴ ሰው ለመተኛቴ ሲቆጣኝ እንጂ ሲሸልመኝ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ጋሼ የጉዞ አበሌን በዶላር ካርድ ላይ ያስሞሉልኛል፤ የክፍሌን ሂሳብ የምከፍለው እኔው ነኝ። ካርዱን ከመውሰዴ በፊት ዲላ ያሉትን ባንኮች በባጃጅ እየዞርኩ ውጭ አገር በተጠቀምኩ ቁጥር ምን ያህል እንደሚቆርጡ ጠይቄያለሁ። አንዱ ጋ ያለው ሠራተኛ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገረኝና ሄዶ አለቃውን ጠየቀ። ትንሹን ከሚቆርጠው ወሰድኩ። ክፍሉንም በድረ ገጽ ደላላ ሳይሆን ከራሱ ከሆቴሉ መያዝ እንዳለብኝ አወቅሁ፤ በደላላ የተያዘ ክፍል ነጥብ የለውም።

ከሁሉ የሚብሰው የክፍያ ማሽኑ ነው። ካርዱን ስትሰጡት በትህትና ይጠይቃል፤ በአገሬው ገንዘብ ልቁረጥ ወይስ በካርድዎ ገንዘብ? ሰው ባዕድ አገር የሚያውቀውን ነገር ሲያይ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋልና እጁ ወደሚያውቀው ይሄዳል። እሱን የነካ ተበላ። ምንዛሪውን ማሽኑ እንደ ልቡ ይሠራና የራሱን ድርሻ ያነሳል። እኔ ሁልጊዜ በአገሬው ገንዘብ እላለሁ። በካርድዎ ገንዘብ የሚለው ቁልፍ አረንጓዴ ነው፤ ጋሼ ደግሞ አረንጓዴ ካዩ ይጫናሉ። ብነግራቸውም "አንቺ ነጥብ ለቃሚ፣ ለዚህ ብለሽ ትሸብቻለሽ" ብለው ይስቁብኛል።

እናቴ የምትኖረው ቡሌ፣ ከብርዱና ከእንሰቷ ጋር ነው። የቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ግራው መደብዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ሩቁን አጣች፣ ቀጥሎ ቅርቡን፣ በኋላ በሩ ላይ ስቆም ማን እንደሆንኩ የምታውቀው በኮቴዬ ሆነ። አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሞቹ ቀኙን ተስፋ ቆርጠውበታል፤ ግራው ግን ሕንድ አገር ቢታይ ሊድን ይችላል አሉ፣ እንዳትዘገዩ አሉ። ወንድሞቼና እኔ ያለንን አወጣን፣ የሐኪም ማስረጃ ተጽፎልን ባንኩ ለሕክምናው የሚሆነውን ዶላር ፈቀደልን። ልክ ለሕክምናው የሚሆነውን፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ሐኪሙ ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አሥራ ሁለት ሌሊት ከሆስፒታሉ አጠገብ ማደር አለባት ብሏል።

የት እናድራለን? ይህን ስጨነቅ ነው የዱባዩ ሆቴል ሕንድ በምንሄድበትም ከተማ፣ ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ ቅርንጫፍ እንዳለው ያየሁት። ነጥቤን አየሁ። ለዘጠኝ ሌሊት ይበቃል። ከፊታችን አንድ የዱባይ ጉዞ ነበረን። በትክክል ከከፈልኩ አሥራ ሁለቱ ይሞላል።

ለጋሼ አልነገርኳቸውም። እናቴ አስምላኛለች። ጋሼን ታውቃቸዋለች፤ ከሰሙ ወረቀት ይዘው ቡና ነጋዴውን ሁሉ እየዞሩ መዋጮ ይሰበስባሉ። እሷ ደግሞ ጤነኛ ልጆች እያሏት ስሟ በመዋጮ ወረቀት ዲላን እንዲዞር አልፈለገችም። "ብታወር ይሻለኛል" አለችኝ በቋንቋችን በጌዴኡፋ። ጨካኝ ቃል ነው፤ እናቴ ግን እንዲያ ናት።

ዱባይ ሥራው መልካም ሆነ፤ ቡናችን ተወደደ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ጋሼ "እጄን ልታጠብ" ብለው ተነሱ። ዲላ ውስጥ በምግብ መሀል እጄን ልታጠብ ብሎ የተነሳ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። ሰው ሳይቀድመው ሂሳቡን ሊከፍል ነው። ስንቴ በር ላይ ቆሜ ከእሳቸው ጋር በክንድ ተገፋፍቻለሁ። ያን ዕለት ግን ዱባይ ነኝ ብዬ ዘነጋሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው።

ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ ካርዴን ይዤ እንግዳ መቀበያው ጋ ስደርስ ልጅቷ በፈገግታ "ተከፍሏል፣ አባትዎ ከፍለዋል" አለችኝ።

"ነጥቡስ?" አልኳት።

"ነጥቡ ለከፈለው አባል ነው። እሳቸው ግን አባል አይደሉም።"

"ታዲያ ለማን ይሄዳል?"

"ለማንም" አለች፤ ፈገግታዋ እንዳለ ነው።

ደረሰኙን አየሁት። አረንጓዴውን ተጭነውታል። ነጥቤም ሄደ፣ ማሽኑም ድርሻውን በላ። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው። ወጉን አውቀዋለሁ። እኔ ሄጄ ምነው ጋሼ ማለት አለብኝ፣ እሳቸው ተይ እንጂ ይላሉ፣ እኔ እመርቃለሁ፣ አለቀ። የተከፈለን ነገር ከልብ አልፈልግም ማለት እኛ ዘንድ የለም፤ ፊት ላይ እንደ መትፋት ነው። እዚያው ቆሜ ደግነታቸውን ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ በዚያች ደቂቃ እንደ እሳቸው የጠላሁት ሰው አልነበረም። ሦስት ሌሊት እናቴን የት ነው የማሳድራት?

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ጋሼ፣ የከፈሉትን ይመልሱት" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ምን አልሽ?"

"ያሰርዙት። እኔ ልክፈል።"

ፊታቸው ተለወጠ። "የኔ ብር ይሸታል እንዴ?"

ያን ጊዜ መሐላዬን አፈረስኩ። የእናቴን ዓይን፣ ሕንድን፣ አሥራ ሁለቱን ሌሊት፣ ነጥቡ ለምን እንደሆነ፣ ለምን እንዳልነገርኳቸው ሁሉንም አወጣሁት። ጋሼ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ባዕድ ነኝ?"

"መዋጮ አልፈልግም ስላለች ነው።"

"ማን መዋጮ አለሽ?" ብለው ተቆጡ፤ ከዚያ "እውነቷን ነው። ብሰማ እሰበስብ ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

ተነስተው ቀድመውኝ ሄዱ። ልጅቷን "ሰርዢልኝ" አሏት በአማርኛ፣ ከዚያ እኔ አስረዳኋት። አለቃዋን ጠራች። አለቃው ደረሰኙን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። የቆየው ብዙ አይመስለኝም፤ እኔ ግን በዚያ መሀል የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ ነበር። ሲወጣ፣ ክፍያው ገና የዛሬ ስለሆነና ወደ ባንኩ ስላላለፈ መሰረዝ ይቻላል አለ። ካርዴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

በካርዴ፣ በድርሃም ከፈልኩ። ልጅቷ ያን ጊዜ፣ ሰው መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አባል የሆነ እንግዳ አብሮት ያለውንም ሰው ክፍል ከከፈለ የሁለቱንም ነጥብ እንደሚያገኝ ነገረችኝ። ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። የእሳቸውም ክፍል ክፍያ ተሰረዘ። ኮታቸውን ከፍተው ከውስጥ ኪሳቸው ጥሬ ድርሃም አወጡና መዳፌን እንደሚመቱ አድርገው እጄ ላይ አስቀመጡት። ካርድ የለ፣ ማሽን የለ፣ ምንዛሪ የለ። በእኔ ስም ከፈልኩላቸው።

"ሴት ልጅ ክፍል ከፈለችልኝ ብለሽ ዲላ ላይ እንዳታወሪ" አሉኝ በር ላይ። ይኸው ጻፍኩት።

ነጥቡ የገባው ዲላ ከተመለስን በኋላ፣ ቡና እየቀመስኩ ሳለ ነው። ስልኬን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ሌሊት ሞልቶ ይተርፋል። ማንኪያውን አስቀምጬ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ካለው እንሰት ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ ሥራዬን ጨረስኩ፤ ያን ቀን የቀመስኩትን ቡና ሁሉ ጥሩ ነው ሳልል አልቀርም።

ለእናቴ መሐላዋን ማፍረሴን ነገርኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ጋሼ ግን ወረቀት አላዞሩም፣ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ቃላቸውን መጠበቃቸውን ስታይ ስልክ አስደወለችኝና በአማርኛዋ፣ ወንዱንም ሴቱንም ባንድ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ጌታ ይባርክሽ" አለቻቸው። ጋሼ አሜን ብለው ከልባቸው ሳቁ።

ሕንድ ሆቴሉ ስንገባ ለመያዣ ካርድ ጠየቁኝ፤ እኔ በሩፒ በጥሬው አስያዝኩ። ከሆስፒታሉ ወደ ሆቴሉ የሚያመላልሰን የእኛው ባጃጅ ነው፤ ያንኑ ድምፅ ያሰማል። እናቴ ዓይኗ ታሽጎ ከኋላ ተቀምጣ "ተመለስን እንዴ? ዲላ ነን?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። "ታዲያ ለምን አውሮፕላን ከፈልሽ?" አለች።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቆ ነበር። ሽፋኑ ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው ጭጋግ ነው፤ ሐኪሙ ታገሱ አለ። በየማለዳው መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣትና ምን ታያለሽ እላታለሁ። ብርሃን ትላለች። በማግስቱም ብርሃን። እኔ የቀሩትን ሌሊቶች እቆጥራለሁ፤ አራት፣ ሦስት።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጋቢዋን ሳስተካክልላት አገጬን ያዘች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙራ ብዙ ጊዜ አየችኝ።

"ሸብተሻል" አለችኝ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ዓመት ይሆነዋል።"

"እንዴት ሰው አይነግረኝም?"

እናቴ ወደ ራሷ ሳበችኝና ፀጉሬን በጣቶቿ እየገለጠች ፈለገች፤ ከጥቁሩ መሀል አንዷን ነጭ ፀጉር ለይታ ነቀለቻት። አመመኝ። ድገሚው አልኳት።