የጉድጓዱን ውሃ ያልወደደው ሳሙና

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ዓመት ሳይንስ እንዳስተምር ነገሌ ተመደብኩ። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ ክፍል ውስጥ እንኳ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ አስረዳ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና በተቃረበበት ሰሞን ከተማው ውስጥ እከክ ገባ። ርእሰ መምህሩም የታመመ ተማሪ መታከሙን የሚገልጽ የክሊኒክ ወረቀት ካላመጣ አይፈተንም አሉ። ከሊበን ገጠር መጥታ አክስቷ ቤት እያደረች የምትማር አንዲት ተማሪዬ ጣቶቿ መሃል ቆስሎ ስለነበር ከትምህርት ቤት ወደ አክስቷ ቤት እንድትመለስ ተደረገች። ፈተናው ሰኞ ነው። ዓርብ ከሰዓት እጇን በሻሿ ሸፍና የቤቴ በር ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ መድኃኒቱ እምቢ አለ ይላሉ ጋሼ።»

ጋሼ የምትላቸው ቁስል የሚያክሙት የክሊኒኩ ድሬሰር ናቸው። አብሬያት ሄድኩ። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ቅባት አልቆባቸው የቀራቸው ያልተበጠበጠው የመድኃኒቱ ዘይት ብቻ ነበር። ዘይቱ እንዲሁ ከተቀባ ቆዳ ያቃጥላል፤ በሳሙናና በውሃ ተመትቶ እንደ ወተት መሆን አለበት። እሳቸው የመቱት ግን ተለያይቷል፤ ከውሃ የሚከብደው ይህ ዘይት ከጠርሙሱ ሥር ተኝቶ፣ ከላይ የተቆራረጠ እርጎ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል።

«ሳሙናው ነው የማይረባው» አሉኝ። «በውሃማ አልሰሰትኩም፤ ከብት ከሚጠጣበት ጉድጓድ ነው ያስመጣሁት። ያን ጨዋማ ውሃ የጠጣ ከብት ቆዳው እንዴት እንደሚያምር አላየሽም?»

ችግሩ ውሃው መሆኑ ገባኝ፤ ግን አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ልጅቷ የእጇን አንጓ በበሩ መቃን ታሻለች።

«ጋሼ፣ ውሃው ለከብት ጥሩ ነው። ሳሙና ግን አይወደውም» አልኳቸው።

«ሳሙና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያማርጠው?»

ዓይኔን ጠርሙሱ ላይ ተክዬ አስረዳኋቸው። የሳሙና ቅንጣት በጭንቅላቱ ውሃን፣ በጅራቱ ዘይትን ይይዛል፤ ሁለቱን የሚያስማማቸው እሱ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው ኖራ ግን ጭንቅላቱን ይዞ ያረጋዋል። ከዓመታት በኋላ ሁለት እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ጭንቅላታቸው አካባቢ ተያይዘው እንደ መንታ ስለሚሠሩበት ነገር አነበብኩ፤ በጥቂቱ ብዙ ዘይት ይበትናሉ፣ ብዙዎቹም እንዲህ ያለውን ውሃ ይችሉታል። ያን ቀን የነበረን ግን የልብስ ሳሙና ነው። መለወጥ የምንችለው ውሃውን ብቻ ነበር።

ልጅቷን የመምህራን መኖሪያ ቆርቆሮ ሥር ካለው በርሜል የዝናብ ውሃ እንድትቀዳ ላክኋት። ጋሼ ሳሙናውን ፍቀው ለብ ባደረጉት የዝናብ ውሃ አሟሙት፤ እኔ ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ እያንጠባጠብኩ መታሁት። ነጣ።

«ኣናን!» አለች ልጅቷ በኦሮምኛ። «ወተት ሆነ!»

«እንዳትጠጪው ብቻ» አሉ ጋሼ።

አስቀምጠን ጠበቅነው። አልተለያየም። ጋሼ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስተው ደጋግመው አዩት። «በዚህ አገር ሳሙና ብቻ ነበር የማያማርጠው» ብለው ሳቁ። ከአንገት በታች እንዴት እንደምትቀባ፣ ልብሷም እንዲቀቀል ለልጅቷ ነገሯትና መታከሟን የሚገልጽ ወረቀት ጻፉላት።

ሰኞ ፈታኟ እኔ ነበርኩ። ወረቀቷን አሳይታ ገባች። ቁስሉ ገና አልደረቀም፤ የመድኃኒቱም ሽታ አልለቀቃትም። ከጎኗ የነበረው ተማሪ አፍንጫውን ይዞ ከወንበሩ ተነሣ።

«ቲቸር፣ እኔ እዚህ አልቀመጥም!»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አላዞርኩም።

«ታክማለች። የሚሸተው መድኃኒቱ ነው። ተቀመጥ» አልኩት።

ተቀመጠ። እሷ ቀና አላለችም፤ እርሳሷን ባልቆሰሉት ጣቶቿ ይዛ የመጀመሪያውን ጥያቄ እያነበበች ነበር።