የበረዶው ሰውዬ በእናቴ ቤት

ማትሪክ ልፈተን በተቃረብኩበት ሰሞን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ሰው ሁሉ ጆሮው ያለው የድንበሩ ጦርነት ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዘምቷል። ከፋሲካ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ከትምህርት ቤት አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ተውሼ ነበር። የምድርን ደቡባዊ ጫፍ መጀመሪያ ስለረገጠ የባሕር ማዶ ሰው የሚተርክ ነው። እናቴ ምስር ስትለቅም እኔ ያነበብኩትን በአማርኛ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ላይ አሾፈችበት።

«እርሻ የለውም? ምን ያለው ሰው ነው በረዶ ፍለጋ አገር የሚያካልል? እኛ ዘንድ ቢመጣ ማሳ የሚያወድመውን በነጻ በሰጠነው» አለች።

መንገድ ላይ እሱና ጓደኞቹ ጭነት ጎታች ውሾቻቸውን አርደው መብላታቸውን ስነግራት ሰፌዱን አስቀምጣ አማተበች። ሰውየው በሕይወት ሲመለስ ግን ፊቷ በራ። «ተመልከች፤ ከዚያም የተመለሰ አለ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሰውየው እንደ ዘመድ ትጠይቀኝ ጀመር። በሆዷ ወንድሜን እንደምታስብ ገብቶኛል።

አንድ ቅዳሜ በርበሬ ልትገዛ ቡሬ ሄዳ ባዶ ዘንቢል ይዛ ተመለሰች። «ዋጋው አይቀመስም» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ሆነ። እኔ ስገባ ጎረቤት ወሬ ያቋርጣል። አክስቴ ገበያ ባልሆነ ቀን ከጅጋ መጥታ አቅፋ አልለቅም አለችኝ። ሬዲዮኑ ባትሪ ጨረሰ ተባለ። ጀሪካን ነክቶ የማያውቀው አባቴ በእኔ ፈንታ ውኃ ቀዳ። ከእናቴ የሚደብቁት ነገር እንዳለ ጠረጠርኩና ፈራሁላት።

የመጽሐፉን መጨረሻ ቀድሜ አንብቤው ስለነበር ደግሞ ባሰብኝ። ሰውየው በስተመጨረሻ በረዶ ላይ የጠፉ ሰዎችን ሊፈልግ በአውሮፕላን ይሄድና በዚያው ይቀራል። ባሕሩ የመለሰው የአውሮፕላኑን ስባሪ ብቻ ነው። ይህን ለእሷ በየት አፌ እነግራታለሁ? «አለቀ» አልኳትና መጽሐፉን ከደንኩት።

«አላለቀም። የቀረ ገጽ አለ» አለች፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ። «ንገሪኝ።»

ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ እጇ ብቻ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ሬሳውም አልተገኘ?»

«አልተገኘም።»

«እናት ነበረችው?»

«ቀድማ ሞታለች።»

«ተገላገለች» አለች። ምስሩን መልቀም ቀጠለችና «በይ፣ ወደ ጥናትሽ» አለችኝ።

ፈተናው ያለቀ ዕለት ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ስመለስ፣ ደጃችን ላይ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እናቴን ሊያረዷት ነው ብዬ ልሮጥ ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። ወንድሜ ሞቷል። እናቴ የሰማችው ያን ቅዳሜ ቡሬ ላይ፣ አብሮት ዘምቶ ቆስሎ ከተመለሰ ልጅ ነው። ፈተናዬን ሳልጨርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ሁሉንም ያስማለችው ራሷ ናት።

እናቴ ከሰዎቹ መሀል ወጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ እማ።»

«በደንብ ሠራሽ?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን ታጠቀችበት።

«እንግዲያው አሁን ላልቅስለት» አለች።